የሹጌዝን ሂሳብ ማን ከፈለ?

ሹጌዝ የሚባለውን ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ዘፋኟ ምንድነው የምትለው?» እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አይለይም። ጊታሩ ሁሉን ነገር ሸፍኖታል። ድምፃዊቷ ከጊታሩ ሥር ሆና ታንጎራጉራለች እንጂ ከፊት ወጥታ አትዘፍንም። መድረክ ላይም ያው ነው። ጭፈራ የለ፣ «እጃችሁን ወደ ላይ» የለ። አራት አምስት ወጣቶች አቀርቅረው እግራቸው ሥር ያለውን ነገር ያያሉ።

ግጥሙ አይሰማም። ዘፋኙ ቀና አይልም። ስቱዲዮ ውስጥ ግን ጊዜና ገንዘብ ይበላል። ለዚህ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ከየት ይመጣል? እኔን ከሙዚቃው እኩል የሚስበኝ ይሄ ጥያቄ ነው። ሹጌዝ የተወለደው በ1980ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ ነው። ያኔ እዚያ ሂሳብ አጥብቀው የማይጠይቁ ትናንሽ የሙዚቃ አሳታሚዎች ባይኖሩ ኖሮ የሚወለድ አይመስለኝም። ለሞት የተቃረበውም በዚያው በሂሳቡ ምክንያት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ሸክላውን ማን ያደርሰዋል?

እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ እንግሊዝ ውስጥ ሙዚቃ ማሳተም በዋናነት የትልልቅ ኩባንያዎች ሥራ ነበር። ኢኤምአይ፣ ዴካ፣ ሲቢኤስ። ሸክላ ማተሚያው የእነሱ ነው። ሸክላውን በየከተማው ለየሱቁ የሚያደርሰው መኪናም የእነሱ ነው። ትናንሽ አሳታሚዎች አልጠፉም፤ ግን አብዛኞቹ ሸክላቸው ሱቅ የሚደርሰው በትልልቆቹ በኩል ነበር።

በጥር 1977 በዝኮክስ የተባለ የማንችስተር ፓንክ ባንድ ሌላ መንገድ ሞከረ። ከቤተሰብና ከወዳጅ 500 ፓውንድ ያህል ተበደሩ። አራት ዘፈን ቀዱ። «ኒው ሆርሞንስ» የሚል የአሳታሚ ስም ለራሳቸው አወጡና 1,000 ሸክላ አሳተሙ። ሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳ ሳይቀር ጻፉበት። ይሄ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ገዥው ሸክላውን ገልብጦ ሲያነብ «ለካ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እኔም እችላለሁ» እንዲል ነው። ሸክላው እንደገና እየታተመ ከ10,000 በላይ ተሸጠ። ከዚያ በኋላ በየከተማው ያለ ወጣት ተበድሮ ማሳተም ጀመረ።

ማሳተሙስ ይሁን፣ የት ይሸጣል? እዚህ ላይ ጄፍ ትራቪስ የሚባል ሰው ይመጣል። በ1976 ምዕራብ ለንደን ውስጥ ራፍ ትሬድ የሚባል ሸክላ ቤት ከፈተ። በ1978 ደግሞ ሱቁ ራሱ አሳታሚ ሆነ። ይሄ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እኛም ጋ ካሴት የሚሸጠው ሱቅ ነው አሳታሚ የሆነው። አምባሰል ሙዚቃ ቤትን፣ ኤሌክትራ ሙዚቃ ቤትን አስታውሱ። እንዲያውም በዚህ ነገር እኛ ቀድመናቸዋል። ሸክላ የማሳተም ፈቃድ በንጉሡ ዘመን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። ሸክላ ቤት የነበረው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ግን በ1969 ያንን ጥሶ በራሱ ስም ማሳተም ጀመረ። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነበር። ሥራው እስከ 1975 ድረስ ብቻ ቢቆይም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» እያለ የሚያዳምጠው ሙዚቃ ብዙው በአንድ ሰው ድፍረት የተገኘ ነው።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ። ራፍ ትሬድ ብቻውን መላ አገሩን አይሸፍንም። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በየከተማው ካሉ መሰል ሱቆችና አከፋፋዮች ጋር ተያያዘ። ከሊቨርፑል ፕሮብ፣ ከዮርክ ሬድ ራይኖ፣ ከብሪስቶል ሪቮልቨር፣ ከኖሪች ባክስ፣ ከኤደንብራ ፋስት ፎርዋርድ። ማኅበራቸውን «ካርቴል» አሉት። አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ ባንድ ዘፈኑን ቀድቶ ይመጣል። አከፋፋዩ ዘፈኑን ከወደደው የማሳተሚያውን ወጪ ይሸፍናል። ሸክላው በየከተማው ይሄዳል። ሲሸጥ ወጪው ይቀነስና የቀረው ለባለቤቶቹ ይሰጣል።

ውሉም የተለየ ነበር። ትልቅ ኩባንያ ለባንድ ቅድሚያ ገንዘብ ይሰጣል። ከሽያጩ ለባንዱ የሚደርሰው ግን ትንሽ ድርሻ ነው። ያቺም ብትሆን የቅድሚያው ገንዘብና የስቱዲዮው ወጪ እስኪመለስ አትከፈልም። ራፍ ትሬድና መሰሎቹ ግን ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ትርፉን ከባንዱ ጋር እኩል ይካፈሉ ነበር። ብዙ ጊዜ ወረቀት እንኳ የለም፤ ተጨባብጦ መለያየት ነው። የማንችስተሩ ፋክተሪ አሳታሚ ሥራው የሙዚቀኞቹ ንብረት እንደሆነና ኩባንያው የሚይዘው ምንም እንደሌለ የሚገልጽ ውል ነበረው። እንዴት ደስ ይላል! ኩባንያው ሲቸገር የሚሸጠው ነገር እንደሌለው የተገነዘቡት ግን በኋላ ነው።

«ነጻ» ወይም «ኢንዲ» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ከስርጭቱ ነው። በጥር 1980 የነጻ አሳታሚዎች የሽያጭ ሰንጠረዥ ሲጀመር መስፈርቱ የሙዚቃው ዓይነት አልነበረም። ሸክላው በትልልቆቹ መኪና ካልተጫነ ይገባል፣ አለቀ። በዚህ ምክንያት በ1980ዎቹ መጨረሻ የጭፈራ ፖፕ ዘፋኟ ካይሊ ሚኖግ የኢንዲ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጥታለች። ያ ሁሉ ጥቁር የለበሰ ወጣት ምን እንዳለ መገመት ነው።

ጫጫታና ዜማ

አለን መጊ የግላስጎው ልጅ ነው። ለንደን ውስጥ ለባቡር መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። በ1983 ከባንክ 1,000 ፓውንድ ተበድሮ ከጓደኞቹ ከዲክ ግሪንና ከጆ ፎስተር ጋር ክሪኤሽን ሪከርድስን አቋቋመ። የሙዚቃ ንግድ አልተማረም። ያለው የደጋፊ ስሜትና ትልቅ አፍ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚያወጣቸው ሸክላዎች ብዙም አይሸጡም ነበር።

በ1984 መጨረሻ ጂሰስ ኤንድ ሜሪ ቼይን የሚባሉ የስኮትላንድ ልጆች አገኘ። ሙዚቃቸው ጉደኛ ነው። ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲደርስ የሚያፏጨውን ድምፅ ታውቁታላችሁ? ባለሙያ ሁሉ የሚሸሸውን እሱን ፊድባክ ሆን ብለው ከጊታራቸው ያወጡታል። በመሐል ግን ዜማው ልስልስ ያለ የ1960ዎቹ ዜማ ነው። ሸክላቸው ለክሪኤሽን ስምም ገንዘብም አመጣለት። ብዙም ሳይቆዩ ከግዙፉ ኩባንያ ከዋርነር ጋር ወደተያያዘ አሳታሚ ሄዱ። ነጻ አሳታሚ ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ፈልጎ ያገኛል፣ ሌላው ይወስድበታል።

በሌላ በኩል ፎርኤዲ የሚባል የለንደን አሳታሚ ነበር። በ1980 የተጀመረ ነው። ዋናው ሰው አይቮ ዋትስ ራስል ዝምተኛ ነው፤ የመጊ ተቃራኒ። ኮክቶ ትዊንስ የተባለውን የስኮትላንድ ባንድ እሱ ነው ያሳተመው። ጊታሪስቱ ሮቢን ገትሪ ጊታሩን በማሽን እያባዛና እያስተጋባ ጊታርነቱን ያስረሳዋል። ኤሊዛቤት ፍሬዘር ደግሞ ቃሉ የማይያዝ ነገር ትዘፍናለች። እንግሊዞቹም አይገባቸውም፤ ስለዚህ እኛ ባይገባን አይግረመን።

የጂሰስ ኤንድ ሜሪ ቼይንን ጫጫታና የኮክቶ ትዊንስን ጉም ስትደምሩ ሹጌዝ አጠገብ ትደርሳላችሁ። ከዳር እስከ ዳር የወሰደው ግን ማይ ብለዲ ቫለንታይን ነው። ባንዱ በ1983 ደብሊን ውስጥ ተጀመረ። ኬቨን ሺልድስና ኮልም ኦኪዮሶግ የጀመሩት ሲሆን በኋላ ለንደን ላይ ቢሊንዳ ቡቸርና ዴቢ ጉጅ ሙሉ አደረጉት። በ1988 ክሪኤሽን ወሰዳቸው።

ድምፁ እንዴት ይሠራል? ኤሌክትሪክ ጊታርና ስፒከሩ መሐል መሬት ላይ የሚቀመጡ፣ በእግር የሚረገጡ ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። ፔዳል ይባላሉ። ዲስቶርሽን ድምፁን ያሻክረዋል። ዲሌይ ይደጋግመዋል። ሪቨርብ ትልቅ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያስገባዋል። የሹጌዝ ባንድ እነዚህን ደራርቦ ጊታሩ ምት በምት እንዳይለይ ያደርገዋል። ድምፁ ተያይዞ አንድ ግድግዳ ይሆናል። የሰው ድምፅ ከግድግዳው ፊት ሳይሆን ውስጡ ይገባል። እንደ አንድ መሣሪያ ማለት ነው።

ሺልድስ ግን የራሱ ብልሃት ነበረው። አንዳንድ ጊታር ላይ ትሬሞሎ የሚባል የብረት ዘንግ አለ። ሲጫኑት የክሮቹ ውጥረት ይላላና ድምፁ ይወርዳል። ሌላው ጊታሪስት አልፎ አልፎ ነካ ያደርገዋል። ሺልድስ ዘንጉን በእጁ እንደያዘ ክሮቹን ይመታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምት ትንሽ ይወጣል፣ ትንሽ ይወርዳል። ባትሪው የደከመ ቴፕ ካሴት ሲያጫውት ዜማው እንዴት እንደሚዋልል ታስታውሳላችሁ፤ እንደዚያ ነው። ብዙ ሰው መቶ ጊታር የተደራረበ ይመስለዋል። ሺልድስ ራሱ ግን የደራረበው ሰው ከሚገምተው በጣም ያነሰ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል።

ሌሎቹ ቶሎ ተከተሉ። ራይድና ስወርቭድራይቨር ከኦክስፎርድ፣ ስሎዳይቭና ቻፕተርሃውስ ከሬዲንግ፣ ፔል ሴንትስ ከሊድስ፣ ላሽ ከለንደን። ላሽና ፔል ሴንትስን ፎርኤዲ ያዘ። ራይድን፣ ስሎዳይቭንና ስወርቭድራይቨርን ክሪኤሽን። የራይድ የመጀመሪያ አልበም በ1990 በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 11ኛ ወጣ። ከዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ግን ክሪኤሽን ምርጥ 75 ውስጥ ያስገባው አንድም ሸክላ አልነበረውም፤ ወደዚያ የገባውን የመጀመሪያውን ሸክላም ያመጡለት ራይዶች ናቸው።

ሹጌዝ የሚለውን ስም ያወጡት ጋዜጠኞች ናቸው፤ ለማሾፍ ነው ያወጡት። ልጆቹ ጫማቸውን ያያሉ ለማለት ነው። የሚያዩት ፔዳሉን ነበር፤ የትኛውን እንደሚረግጡ ካላዩ ዘፈኑ ይበላሻል። ግን አንዳንዱ ዓይን አፋርም ነበር፣ ይሄም አይካድም።

ላቭለስ

በየካቲት 1989 ማይ ብለዲ ቫለንታይን ሁለተኛውን የክሪኤሽን አልበም፣ ላቭለስን፣ ሊቀዱ ስቱዲዮ ገቡ። ክሪኤሽን አምስት ቀን ይበቃል ብሎ ነበር።

አልበሙ የወጣው ኅዳር 4 ቀን 1991 ነው።

በመሐሉ 19 ስቱዲዮዎች ተዳርሰዋል። ሺልድስ አንዱ ስቱዲዮ ድምፁ አልጥም ሲለው ወደ ሌላው ይሄዳል። መሐንዲሶች ይቀያየራሉ፤ አብዛኞቹ ከሻይ ማፍላት የዘለለ ሥራ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል። ከበሮ መቺው ታመመ። ስለዚህ ብዙው የከበሮ ድምፅ እሱ ከመታው ላይ ተቆርጦና ተደጋግሞ የተሠራ ነው። ቤዙን የተጫወተው ራሱ ሺልድስ ነው። ቢሊንዳ ድምፅዋን የምትቀዳው ብዙ ጊዜ ሊነጋጋ ሲል ነበር፤ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ተቀስቅሳ። አልበሙ ላይ የሚሰማው ያ የእንቅልፍ ለዛ ትወና አይደለም።

ገንዘቡስ? መጊ 250,000 ፓውንድ ወጥቶበታል ይላል። ሺልድስ የተጋነነ ነው ይላል። የማንኛቸውም ቁጥር ይሁን፣ በ1,000 ፓውንድ ብድር ለተጀመረ ቤት ከባድ ነው። በዚያ ላይ ጊዜው ክፉ ነበር። ራፍ ትሬድ ያቋቋመው የማከፋፈያ ድርጅት በ1991 ከሰረ። ያከፋፈለላቸው ነጻ አሳታሚዎች ገንዘባቸው እዚያ ቀረ። ፋክተሪ በ1992 ተዘጋ።

ሰው ስለ ላቭለስ ሲያወራ መጊን ተበዳይ ያደርገዋል፣ ወይም ሺልድስን እብድ። እኔ ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ትልቅ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ በስድስተኛው ወር ሥራ አስኪያጅ ይልክ ነበር። ፕሮዲዩሰር ይሾማል፣ የሰው ድምፅ ከፍ ይበል ይላል፣ ያለቀውን ይዞ ያወጣል። ክሪኤሽን ውስጥ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አልነበረም። መጊ ይለምናል፣ ይቆጣል፣ ደግሞ ከየትም አምጥቶ ይከፍላል። ሥርዓት ያለው ንግድ ቢሆን ይሄ አልበም የለም። የሥርዓቱ አለመኖር ነው አልበሙን የሠራው፤ ቤቱን ሊያፈርስ የነበረውም እሱ ነው።

አልበሙ በሰንጠረዡ 24ኛ ወጣ። ተቺዎች አደነቁት። ወጪውን ግን አልመለሰም። መጊ ባንዱን አሰናበተ። በ1992 ሶኒ የክሪኤሽንን 49 ከመቶ ገዛ። ቤቱ ተረፈ። ነጻ ነው ወይ የሚለውን ለአንባቢ እተዋለሁ።

አስገራሚው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ማይ ብለዲ ቫለንታይን አይላንድ ወደሚባል አሳታሚ ሄዱ፤ ያኔ የግዙፉ ኩባንያ የፖሊግራም አካል ነበር። ገንዘብ ተሰጣቸው። የራሳቸውን ስቱዲዮ ሠሩ። አንድም አልበም አልወጣም። ጎትጓች የሌለበት ነጻነትና ገንዘብ አብረው ሲመጡ ደግሞ ይሄ ይሆናል።

ሀብት ሲመጣ

የእንግሊዝ የሙዚቃ ጋዜጦች በየሳምንቱ ይወጡ ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ነገር ያስፈልጋቸዋል። ያነሡትን መጣል ልማዳቸው ነው። በ1991 መጨረሻ ከአሜሪካ ኒርቫና የሚባል የሮክ ባንድ መጣ። ሹጌዝ በአንዴ የሀብታም ልጆች ሙዚቃ ተባለ። ግጥሙ ስለምንም አይደለም፣ ማኅበረሰቡን አይነካም ተባለ። የማኒክ ስትሪት ፕሪቸርስ ባንድ አባል ሪቺ ኤድዋርድስ ስሎዳይቭን ከሂትለር በላይ እንደሚጠላ ተናገረ። ሃያ ዓመት ለሆናቸው የሬዲንግ ልጆች ትንሽ አልበዛም?

ስሎዳይቭ በ1993 ሱቭላኪን አወጡ። ታዋቂው ፕሮዲዩሰር ብራያን ኢኖ ሳይቀር የተሳተፈበት አልበም ነው። ጋዜጦቹ ረገሙት። የአሜሪካ አሳታሚያቸው ለጉዟቸው የመደበውን ገንዘብ አቋረጠና ጉዞውን በራሳቸው ገንዘብ ጨረሱ።

በዚያው ዓመት በግንቦት መጨረሻ መጊ ግላስጎው ውስጥ አንድ ትንሽ ክበብ ገብቶ ኦኤሲስ የሚባል ባንድ አየ። የቀረው የታወቀ ነው። በ1996 ነብወርዝ ሜዳ ላይ በሁለት ሌሊት 250,000 ሰው ተሰበሰበላቸው። ክሪኤሽን ሀብታም ሆነ። ስሎዳይቭ ሦስተኛ አልበማቸውን በየካቲት 1995 አወጡ። በሳምንቱ ከክሪኤሽን ተባረሩ።

ይሄን ነገር ደጋግሜ አስበዋለሁ። ክሪኤሽን ድሃ ሳለ የማይሸጥ ሙዚቃ ተሸከመ። ሲከብር አራገፈው። ምክንያቱ ክፋት አይመስለኝም። ኦኤሲስ ከመጣ በኋላ ቤት ውስጥ መለኪያው ተቀየረ። በፊት 20,000 ሸክላ የሸጠ ባንድ ጀግና ነው። አሁን ያው ባንድ ቦታ ያጣበበ ሆነ። ሶኒም 49 ከመቶውን የገዛው ለጽድቅ አይደለም።

የተበተኑት በየፊናቸው ሄዱ። የስሎዳይቭ ሰዎች ሞሃቪ ስሪ የሚባል ለስላሳ ባንድ መሠረቱና ፎርኤዲ ተቀበላቸው። የራይዱ አንዲ ቤል በ1999 ኦኤሲስ ውስጥ ቤዝ ሊጫወት ገባ። ክሪኤሽን በዚያው ዓመት ማብቂያ ተዘጋ።

ሸክላዎቹ ግን አልተዘጉም። ከ2000 በኋላ ኢንተርኔቱ ሲስፋፋ የጋዜጦቹን ስድብ ያላነበበ ወጣት ሙዚቃውን አገኘው። ከአሜሪካ እስከ ጃፓን አዳዲስ ባንዶች ተነሡ። የ1991ን የስቱዲዮ ድምፅ ዛሬ አንድ ላፕቶፕና አንድ ጊታር ያወጡታል፤ ቢያንስ ቅርቡን። መኝታ ቤቱ የተቀመጠ ልጅ የማንንም ቤት ሳያከስር ሙሉ አልበም ይሠራል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ በስሎዳይቭ ዘፈን የሚተክዙት አብዛኞቹ ዘፈኑ ሲወጣ ያልተወለዱ ናቸው።

ማይ ብለዲ ቫለንታይን ከላቭለስ በኋላ ያለውን አልበም ያወጡት በየካቲት 2 ቀን 2013 ነው። አሳታሚ አልነበረውም። በራሳቸው ድረ ገጽ ቅዳሜ ማታ አወጡት። የገባው ሰው ብዛት ድረ ገጹን አቆመው። ስሎዳይቭ በ2014 ተመልሰው ተሰባሰቡ። ዴድ ኦሽንስ በተባለ የአሜሪካ ነጻ አሳታሚ በኩል ሁለት አልበም አወጡ። ሁለተኛው በ2023 በእንግሊዝ ሰንጠረዥ 6ኛ ሆነ። በወጣትነታቸው እዚያ ደርሰው አያውቁም።

ጀማሪ ከሆናችሁ በላቭለስ አትጀምሩ። ጆሮ ያደክማል። ሱቭላኪ ይቅደም፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ግጥሙን ሳትፈልጉ። ላቭለስን ሸክላውን መግዛት ለሚፈልግ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ የሚያሳትመው ዶሚኖ ነው። ለንደን የሚገኝ ነጻ አሳታሚ ነው።